ናደው ገመዱን ያላላበት ዕለት

ተረት ላወራ ነውና ተጠጉ። እኔ «ነበር!» ስል እናንተ «ኧረ ይሁን!» ትላላችሁ። ይህን ማለት የሚከብደው ካለ ከአሁኑ ይውጣ፤ መሃል ላይ ሲያንኮራፋብኝ አልወድም።

ነበር!

ጮክ በሉ እንጂ፤ ቁርስ አልበላችሁም እንዴ? እሺ፣ ይበቃል።

ኮርቻ እንደ ሰው በሚያማበት፣ አለንጋ በሚመልስበት በዚያ ዘመን ቡሊት የምትባል በቅሎ ነበረች። ጠጉሯ ቡላ፣ ጆሮዋ ረጅም፣ ትዕግሥቷ አጭር ነበር። ጌታዋ ግራዝማች አሻግሬ ይባላሉ። ግራዝማችነቱን ማን እንደ ሰጣቸው የሚያውቅ የለም። አንድ ጠዋት ከእንቅልፋቸው ተነሥተው «ከዛሬ ጀምሮ ግራዝማች በሉኝ» አሉ፤ አገሬውም አጨዳ ላይ ስለነበረ ለክርክር ጊዜ አጥቶ አላቸው። ሆዳቸው ከእሳቸው ቀድሞ ቤት ይገባ ነበር።

አንድ ቀን ከሦስት ዳገት ማዶ ሠርግ ተደገሰ። ግራዝማችም ቡሊትን አስጭነው ወጡባት።

«ቡሊት፣ ዛሬ መብረር ነው» አሉ። «ያ ቀኛዝማች ድልነሳው ቀድሞኝ ከደረሰ ሻኛውን ይበላዋል። ባለፈው ሠርግ ለእኔ የተረፈኝ ጨጓራ ነው።»

«ጌታዬ፣ ዳገቱ ሦስት ነው፤ እርስዎ ደግሞ አንድ ተኩል ሰው ነዎት» አለች ቡሊት።

«ዝም በይ!»

ኮርቻው ከሥር ሆኖ አጉረመረመ። «እኔ ከሥራቸው ሆኜ የማውቀውን ባወራ ግራዝማች አገር ጥለው ይሄዱ ነበር» አለ። ኮርቻ ባለጌ ስለሆነ ግን ማንም አልሰማውም።

አሁን ግራዝማችን እዚያው እንተዋቸውና ወደ ቡሊት ደረት እንግባ። አትጸየፉ፤ እናንተም ደረት አላችሁ።

በቡሊት ደረት ውስጥ ልብ የሚባል መንደር አለ። የመንደሩ ሰዎች ጡንቻዎች ናቸው፤ በዓይን የማይታዩ ደቃቃ ፍጥረቶች፣ ወሬያቸው ግን የትየለሌ ነው። እርሻ የላቸውም፣ ገበያ አይወጡም። ያላቸው አንድ ደቦ ብቻ ነው። እናንተ ደቦ ወጥታችሁ አንድ ቀን ታጭዳላችሁ፣ ጠላችሁን ትጠጣላችሁ፣ ወደ ቤታችሁ ትገባላችሁ። የእነሱ ደቦ ግን ቡሊት በእናቷ ሆድ ሳለች ተጀምሮ እስካሁን አላለቀም። ጠላም የለውም።

ደቦው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ጎታች ገመድ አለው፤ ከገመዱ አጠገብ አንዲት ዱካ አለች። ዘፈን አውጪው አያ ጥጋቡ «ሆ በል!» ሲል፣ በየጎታቹ ቤት ያለው ኖራ የሚባል ነጭ ሰውዬ ከጓዳ ወጥቶ ዱካዋ ላይ ይቀመጣል። ኖራ የአጥንት የቅርብ ዘመድ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ድርቅ ይላል። እሱ ሲቀመጥ ጎታቹ ጉልበት ያገኛል፣ ገመዱን ይስባል፣ ደሙም ይገፋል። አያ ጥጋቡ «ልቀቅ!» ሲል ደግሞ ኖራ ተነሥቶ ጓዳው ይገባል፣ ገመዱ ይላላል፣ መንደሩ አዲስ ደም ይሞላል። ሆ በል፣ ልቀቅ። ሆ በል፣ ልቀቅ። ሌላ ሥራ የለም።

ከጎታቾቹ ሁሉ ጉልበተኛው ናደው ነበር። ጉልበተኛ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር፤ ግን ጉረኛም ነው። «እኔ ባልኖር ይቺ በቅሎ ይሄኔ ቆዳ ሆና ተነጥፋ ነበር» ይላል። በቀኙ ይርዳው የሚባል ዝምተኛ ጓደኛው ይጎትታል፤ በአንድ ሰዓት የተወለዱ፣ ከተወለዱ ጀምሮ ትከሻ ለትከሻ የቆሙ ናቸው። በግራው እትዬ ማንጠግቦሽ አለች፤ ምላሷ ከገመዷ የጠና ነው።

ናደው በዓለም ላይ የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በደቦ መሃል የሰነፈ ሰው ስሙ በዘፈን ይነሣል። ዘፈን አውጪው ያነሣዋል፣ ተቀባዩ ይቀበለዋል፣ ሴቱ እልል ይልበታል። ናደው ሞትን አይፈራም፤ ያንን ዘፈን ግን ሲያስበው ላብ ያጠምቀዋል።

ቡሊት የመጀመሪያውን ዳገት ጀመረች። ግራዝማች «ሂጂ!» አሉ። አለንጋው «ሿ!» አለ። እግሮቿ ሮጡ፣ ሮጡ፣ ሮጡና ትንፋሽ አጠራቸው። ትንፋሽ ያጠረው እግር ወዲያው ሥራ አያቆምም፤ እየሠራ ኮምጣጣ ይወልዳል። ኮምጣጦቹ ትንንሾች ናቸው፤ ፊታቸው ሎሚ እንደ መጠጠ ሰው ጭምድድ ያለ ነው። በደም ተሳፍረው ልብ መንደር ደረሱ።

«ቤቶች!» አለ አንዱ ናደው ደጃፍ ላይ።

«ማነው?»

«እንግዳ ነኝ፣ ከእግር ነው የመጣሁት። እዚያ መቀመጫ ጠፋ» አለና፣ እንደምን ዋላችሁ እንኳ ሳይል፣ ዘው ብሎ ገብቶ የኖራ ዱካ ላይ ቁጭ አለ።

አያ ጥጋቡ «ሆ በል!» አለ። ኖራ ከጓዳ ወጣና ቆመ።

«ወንድሜ፣ ይቺ የእኔ ዱካ ናት።»

«ስምህ ተጽፎባታል?»

«አልተጻፈባትም፣ ግን...»

«እንግዲያው ቁም።»

ኖራ ቆመ። ኖራ ሲቆም የናደው ክንድ ዛለ፤ ገመዱ እንደ ወትሮው አልሳብ አለው። ናደው ቀና ብሎ አያ ጥጋቡን አየው፤ አያ ጥጋቡም ግጥም የሚፈልግ መሰለው።

«ተነሥ አንተ ጎምዛዛ!» አለ ናደው።

«ደክሞኛል።»

«ተወው ናደው» አለች እትዬ ማንጠግቦሽ። የእሷም ዱካ ተይዞባታል፤ እሷ ግን ገመዷን ላላ አድርጋ እየጎተተች ነበር። «አንተም ላላ አድርገህ ጎትት። እኛ ስንላላ በቅሎዋ ቀስ ትላለች። ቀስ ስትል እግር ትንፋሽ ያገኛል። እግር ትንፋሽ ሲያገኝ ኮምጣጣ መውለዱን ይተዋል። የመጡትም እንደ አመጣጣቸው ይሄዳሉ።»

«እኔ ናደው ላላ ላድርግ? በደቦ መሃል? ነገ ሰው ምን ይለኛል?»

«ነገ የሚልህ ሰው እንዲኖር ብዬ ነው።»

ናደው ተቆጣ፤ ግን ክንዱ ዝሎ ስለነበር ሳይወድ ላላ አለ። መንደሩ ሁሉ ላላ አለ። ቡሊትም ቀስ አለች፤ ግራዝማች ቢሰድቧት፣ አለንጋው ቢጮህ ቀስ አለች። ዳገቱ ጫፍ ላይ ስትደርስ ግራዝማች ሽንታቸው መጣና ወረዱ። የሆዳቸው ነገር ሆኖ መቀነታቸውን ፈትቶ መልሶ ማሰር ረጅም ሥራ ነው። በዚያ መሃል ቡሊት እንደ ልቧ ተነፈሰች፤ ኮምጣጦቹም ተነሥተው ሄዱ። ኖራ ዱካውን በእጁ አራግፎ ተቀመጠ።

ነበር!

ጎሽ። አሁን ነቃችሁ።

ሁለተኛው ዳገት ከመጀመሪያው ይብሳል። ግራዝማች ቁልቁል ሲመለከቱ ማዶ አቧራ አዩ። «ድልነሳው ነው! ሻኛዬን!» ብለው ጮኹ። አቧራው የፍየል መንጋ ነበር፤ የተራበ ሰው ግን የሚያየው የሚፈራውን ነው። አለንጋው ሳያቋርጥ ወረደ።

እግሮቹ የኮምጣጣን ዘር ሁሉ የወለዱ እስኪመስል ኮምጣጣ በኮምጣጣ ሆኑ። ልብ መንደር በእንግዳ ተጥለቀለቀ። በእያንዳንዱ ዱካ ኮምጣጣ ተቀመጠ፤ ኖራዎቹ እንደ ደጅ ጠኚ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ደቦው ተዳከመ።

«በቃኝ!» አለ ናደው። «በረኛው የት ነው?»

የመንደሩ በረኛ ባሻ ድንበሩ ነው። ባሻ ሕግ ከሚፈርስ እናቱ ብትሞት የሚመርጥ ሰው ነው። የፊት በሩን እሱ ይጠብቃል፣ የጓሮ በሩን ሚስቱ ወይዘሮ አሰገደች ትጠብቃለች።

«ባሻ፣ በሩን በርግደውና እነዚህን ጎምዛዞች ጠራርገህ አውጣልኝ!» አለ ናደው።

ባሻ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሕጉን ላንብብ?»

«አንብብ፣ ግን ቶሎ።»

«አንድ ኮምጣጣ ሲወጣ አንድ ጨው ይገባል። ቤት ባዶ አይሆንም። ሕጉ ይኸው ነው።»

«ይግባ! ጨው ምን ክፋት አለው? ጨው የቤት ሰው ነው።»

«ናደው፣ ተው» አለች እትዬ ማንጠግቦሽ። «አንድ ሁለቱን ያውጣ፣ ግድ የለም፣ በምትኩ የሚገባውን ጨው የሚያወጣ ተሸካሚ አለን። ሁሉን ባንዴ አታስወጣ። የሚገባውን ሳታውቅ የሚወጣውን አታስቸኩል።»

«አንቺ ፈሪ ነሽ!»

ይርዳው በቀኝ በኩል ሆኖ «ናደው፣ እሷ ያለችው...» ብሎ ጀመረ። ናደው ግን «አንተ ደግሞ ዝም በል» አለው። ይርዳውም ወደ ገመዱ ተመለሰ።

ናደው ወጣት ጎታቾቹን አስተባበረና «ይከፈት! ይከፈት!» አስባላቸው። ባሻም ከፈተ። ኮምጣጣ ወጣ፣ ጨው ገባ። ኮምጣጣ ወጣ፣ ጨው ገባ። ጨዎቹ ሲገቡ እያንዳንዳቸው «እንደምን ዋላችሁ! እኔ የሌለሁበት ወጥ ወጥ አይባልም!» እያሉ ነበር። መቼም ጨው ስለ ራሱ ማውራት ይወዳል።

ድሮ ጨው ሲበዛ ጉልበተኛ ተሸካሚዎች አንድ በአንድ በጀርባቸው አዝለው ያወጡት ነበር። ተሸካሚ ግን የሚሠራው ትንፋሽ ሲኖር ነው፤ ያኔ ደግሞ ትንፋሽ የለም። ተሸካሚዎቹ ጥላ ሥር ተጋድመው ነበር። ስለዚህ ጨው ቤቱን ሞላ፣ ጓዳውን ሞላ፣ በመጨረሻ በጓሮ በር ወይዘሮ አሰገደች ላይ ተከመረ።

«ወይዘሮ፣ አውጪን!» አሉ ጨዎቹ።

«የእኔም በር ሕግ አለው» አለች። «ሦስት ጨው ካስወጣሁ አንድ ኖራ ከውጭ አስገባለሁ።»

«አስገቢው!»

ባል በፊት በር የሚያስገባውን ሚስት በጓሮ በር በሌላ ትለውጥ ጀመር። ኖራ ገባ። ሌላ ኖራ ገባ። ሌላም።

መጀመሪያ ነገሩ ያማረ መሰለ። ኖራ ሲበዛ፣ የቀሩትን ኮምጣጦች በክርኑ እየገፋ ዱካዎቹን አስመለሰ። ናደው ገመዱን ቢስበው መጣለት! መንደሩ ሁሉ ሳበ! ቡሊት ጆሮዋን ቀስራ ዳገቱን እንደ ሚዳቋ ዘለለችው።

«አያችሁ የአለንጋን ሥራ!» አሉ ግራዝማች።

«እኔ ምንም አላደረግኩም፤ እኔንም ገርሞኛል» አለ አለንጋው።

«አያችሁ የናደውን ሥራ!» አለ ናደው በበኩሉ። «ላላ አድርግ ስትሉኝ ነበር። አሁን ማን ነው ፈሪው?»

«ጓዳህን አይተሃል?» አለች እትዬ ማንጠግቦሽ።

ናደው ጓዳውን አላየም። የጓዳው በር በኖራ ብዛት አልዘጋ ብሎ ነበር።

ከዳገቱ ወዲያ ማዶ ወንዝ አለ። ቡሊት ቁልቁለቱን ወርዳ ወንዙ ዳር ቆመች፣ አንገቷን ደፋች፣ ጠጣች። ትንፋሿ ባንዴ ተመለሰ። ደሟ ከኮምጣጣ ባንዴ ጠራ። እናንተ «እሰይ» ልትሉ ነው፤ እኔም ያኔ ብኖር እል ነበር። ችግሩ የመጣው ግን ያን ጊዜ ነው።

በጎታቾቹ ቤት ተደብቀው የቀሩት ኮምጣጦች በበር አጮልቀው ሲያዩ ደጁ ባዶ ነው። «መንገዱ ተከፍቷል!» ብለው ተግተለተሉ።

«በሰልፍ! በሰልፍ!» ይላል ባሻ። ማን ሰምቶት። ሕግ አክባሪ ነውና ለወጣው ኮምጣጣ ሁሉ ጨው አስገባ። ወይዘሮ አሰገደችም የባሏ ሚስት ናትና ለሦስቱ ጨው አንድ ኖራ እያለች አስገባች። ኖራ እንደ ጎርፍ ገባ። በአንዲት ዱካ ሁለት ሦስት ሆነው ተደራረቡ።

«ሆ በል!» አለ አያ ጥጋቡ። ሳቡ።

«ልቀቅ!» አለ አያ ጥጋቡ።

ማንም አልለቀቀም። ኖራ አልነሣ አለ፤ ቢነሣስ የት ይገባል? ጓዳው ሞልቷል።

«ልቀቅ እኮ ነው የምለው!»

ገመዶቹ እንደ ተወጠሩ ቀሩ። በዚህ መሃል አንዱ ከወዲያ ጥግ ሳይጠየቅ «ሆ በል!» አለ። ሌላው ከወዲህ «ሆ በል!» አለ። ሁሉም ዘፈን አውጪ ሆነ። አንዱ ሲስብ አንዱ ይንቀጠቀጣል፤ ደም ግን አይሄድም። ቡሊት ዓይኗ ጨለመባት፣ ጉልበቷ ከዳት፣ ወንዙ ዳር ተንበረከከች። ግራዝማችም በራሷ ላይ አልፈው ውሃው ውስጥ ቦጭ አሉ። ኮርቻው «ተመስገን!» ሲል ተሰማ።

እኔም ሠላሳ ዓመት በቅሎ ስነግድ አንዲት በቅሎ እንዲሁ ወንዝ ዳር ወድቃብኝ ቀርታለች። ያኔ ውሃው ነው የገደላት ብለን ቆመን ውሃውን ሰደብነው። እንዴት ያለን ደደቦች ነበርን።

«ናደው» አለ ይርዳው። ድምፁን ከሰማነው ቆይቷል። «እጄ አልከፈት አለኝ።»

«ልቀቅ እንጂ!»

«ልልቀቅ እላለሁ። እጄ ነው እምቢ ያለው።»

ናደው ሊይዘው ፈለገ፤ የናደውም እጅ ገመዱ ላይ ደርቆ ነበር። አጠገቡ፣ ትከሻው ለትከሻው እንደ ተነካ፣ የይርዳው ገመድ ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ አየ። ከዚያ ተበጠሰ። ይርዳውም ተበጠሰ።

አያ ጥጋቡ በሕይወቱ ያላደረገውን አደረገ። «ዝም!» ብሎ ጮኸ። መንደሩ ጸጥ አለ። አንድ እስትንፋስ ያህል በቡሊት ደረት ውስጥ ምንም አልነበረም። በዚያች ጸጥታ ተሸካሚዎቹ፣ ትንፋሽ ደርሷቸው ነበርና፣ ተነሥተው ጨው ያዝሉ ጀመር። ጨው ሲቀንስ ወይዘሮ አሰገደች በሯን ወደ ውጭ አዞረችና ኖራውን አስወጣች። ዱካዎቹ ተለቀቁ፣ እጆች ተከፈቱ።

«ሆ... በል» አለ አያ ጥጋቡ፣ ፈራ ተባ እያለ።

ሳቡ።

«ልቀቅ።»

ለቀቁ። ቡሊት ዓይኗን ከፈተች።

በልብ መንደር ሰው ሲሞት ድንኳን አይጣልም፣ ንፍሮ አይቀቀልም፤ ደቦው አይቆምማ። እየጎተቱ ያለቅሳሉ። ሌላም ነገር አለ፤ በዚያ መንደር ለሞተ ሰው ምትክ አይወለድም። ቦታው ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ናደው ቀኝ ትከሻውን ምንም አልነካው ሲል እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«ባሻ፣ ለምን አልነገርከኝም?» አለ።

«አንብቤልህ ነበር» አለ ባሻ። ቆይቶ ደግሞ፣ ቀስ ብሎ፣ «ሚስቴ በጓሮ የምታስገባውን እኔም አላየሁም» አለ። ባሻ አላየሁም ሲል የተሰማው ያን ቀን ብቻ ነው።

ነበር!

አትጩኹ፤ ሰው ሞቷል።

ሦስተኛው ዳገት የዳገት ሁሉ አባት ነበር። ግራዝማች ከወንዙ ወጡ፤ ጺማቸው ላይ የውሃ ሣር አለ፣ ጫማቸው ያለቅሳል። ቡሊት እንዴት ነሽ አላሉም። «በአንቺ የተነሣ ሻኛው ተበላ! ተነሺ!» ብለው ወጡባት።

«ጌታዬ፣ ልቤ...»

«ልብ ያለው ሰው ነው! ሂጂ!»

አለንጋው ወረደ። እሱ እንኳ «ይቅርታ ቡሊት፣ በሰው እጅ ነኝ» አለ። እግሮቿ ሮጡ። ኮምጣጦች ተወለዱ፤ እንደዚያን ቀን ኮምጣጣ ተወልዶ አያውቅም። ልብ መንደር ገቡና በየዱካው ተቀመጡ።

መንደሩ ሁሉ ዞሮ ናደውን አየ።

«ናደው!» አሉ ወጣቶቹ። «አስከፍትልን! እንደ ቅድሙ እንሳብ! ዳገቱ ጫፍ ላይ ከደረስን በኋላ እንጠነቀቃለን!»

ባሻ መቀርቀሪያውን ይዞ ይጠብቃል። ናደው በቀኙ ያለውን ባዶ ቦታ አየ። ገመዶቹ ሁለተኛ እንደዚያ ቢጠብቁ፣ የሚበጠሰው አንድ ሰው ብቻ አይሆንም፤ ደቦውም ቡሊትም እዚያው ያበቃሉ። ይህን ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

በዱካው ላይ ወደ ተቀመጠው ኮምጣጣ ዞረ። ኮምጣጣው የሚመታ መስሎት እጁን ጋረደ።

«ደክሞሃል?» አለው ናደው።

«በጣም።»

«እንግዲያው ተደላድለህ ተቀመጥ።»

«ምን አልከኝ?»

«ተቀመጥ አልኩህ። ባሻ! አንድ በአንድ አስወጣ፤ ተሸካሚው የሚችለውን ያህል ብቻ። ማንም ቢጮህብህ እንዳትቸኩል።»

«እኔ ቸኩዬ አላውቅም» አለ ባሻ፣ ቅር ብሎት።

ናደውም ገመዱን አላላ። በሙሉ ጉልበቱ እያለ፣ ወጣት ሁሉ እያየው፣ በደቦ መሃል አላላ። ወጣቶቹ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ከዚያ ሳቁ፣ ከዚያ አንዱ ያችን የፈራትን ዘፈን አወጣት፤

«ናደው ሲሉት ሰምተን ተራራ የሚንድ፣
ገመዱን ታቅፎ ተኝቷል እንደ ግንድ!»

ሌሎቹ ተቀበሉ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ናደው ፊቱ ነደደ። የሚገባበት ጉድጓድ ቢያገኝ ይገባ ነበር። ግን ገመዱን አላጠበቀም። «ዝፈኑ» አለ። «እየላላችሁ ዝፈኑ።» እትዬ ማንጠግቦሽ አላላች፤ ቀጥሎ አንዱ አላላ፣ ቀጥሎ ሌላው። ሲዘፍኑ ሲዘፍኑ ጉልበታቸው ዛለና የዘፋኞቹም ገመድ ላላ።

ቡሊት ቀስ አለች። ቀስ አለች፣ ቀስ አለችና ዳገቱ ወገብ ላይ ቆመች።

«ምን ሆነሻል?» አሉ ግራዝማች።

«ልቤ ላልቷል። ልቤ ሲላላ እኔም ላላ እላለሁ። እርስዎ ከቸኮሉ ይቅደሙኝ።»

«ትሄጃለሽ!»

«ይምቱኝ። ቆሜ እመታለሁ እንጂ እየሮጥኩ አልሞትም።»

መቱ። አልሄደችም። ክንዳቸው ሲዝል ወረዱና ልጓሟን ይዘው በእግራቸው ይጎትቷት ጀመር። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፣ ሦስት እርምጃ። በአሥረኛው ፊታቸው በርበሬ መሰለ። በሃያኛው አፋቸው ተከፈተ። ግራዝማችም እግር አላቸው፤ የግራዝማች እግርም ኮምጣጣ ይወልዳል። ደረታቸውን በእጃቸው ያዙና ድንጋይ ላይ ዘጭ አሉ።

«ቡሊት... ደረቴን... ልነሣ፣ ልነሣና ልሩጥ፣ ያልፍልኛል...»

«ኧረ አይነሡ ጌታዬ!» አለች ቡሊት። መርገጥ ትችል ነበር፤ በቂ ምክንያትም ነበራት። ግን መጥታ በጎናቸው ቆመች፣ ጥላ ሆነቻቸው። «እዚያ ውስጥ ሰዎች አሉ፤ አያስቸኩሏቸው። ዝም ብለው ይተንፍሱ።»

ግራዝማች በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሌላ ሰው ምክር ሰሙ፤ እሱም የበቅሎ ነበር። ሁለቱም ተነፈሱ። ፀሐይ ዘቀዘቀች። ሠርገኞች ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ በአጠገባቸው ሲያልፉ፣ ግራዝማች ቀና ብለው እንኳ አላዩም።

በልብ መንደር ኮምጣጦቹ አንድ በአንድ ተነሡ። አንድ በአንድ ጨው ገባ፣ አንድ በአንድ ተሸካሚው አዝሎ አወጣው። በናደው ዱካ ላይ የተቀመጠው የመጨረሻው ነበር። በሩ ላይ ቆም አለ።

«ማንም ተቀመጥ ብሎኝ አያውቅም ነበር» አለና ሄደ።

ኖራ ዱካው ላይ ተቀመጠ። አያ ጥጋቡ «ሆ በል!» አለ። ናደው በግራ እጁ የራሱን ገመድ ያዘ፤ በቀኝ እጁ ጎንበስ ብሎ የይርዳውን የተበጠሰ ገመድ ጫፍ ከመሬት አነሣ። ሁለቱንም ሳበ። «ልቀቅ!» ሲባል ሁለቱንም ለቀቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሁለት ሰው ይጎትታል፤ ከሥራው ብዛት የተነሣ ትከሻው አብጧል። ሲጎርር ግን የሰማው የለም።

ምክሬን ልንገራችሁና ልገላገል። ጎምዛዛ ነገር ቤታችሁ ሲገባ አሽቀንጥራችሁ ለመጣል አትጣደፉ፤ በቦታው ማን እንደሚገባ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ላላ ማለትም ሥራ ነው፣ ያውም ጉረኛ የማይችለው ሥራ። ናደው ይህን የተማረው በይርዳው ነው፤ እናንተ ግን በተረት ተማሩት፤ በተረት ሰው አይሞትባችሁም።

ተረቴ አለቀች፣ ጉሮሮዬም ደረቀ። ጠላ ያለው ያቀብለኝ፤ የኮመጠጠ ከሆነ ግን እዚያው ለግራዝማች ይላክ።